ከባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ጋር ዘላቂ ወዳጅነት መመሥረት፦ ለሰሜን ሸዋ መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በሌላ አህጉር ከሚገኝ ትምህርት ቤት ጋር የተጀመረ ወዳጅነት በአብዛኛው የሚከስመው በጠብ ሳይሆን የሚሠራ ነገር በማጣት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰላምታ፣ ሁለተኛው የግቢው ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን አንዱ ወገን የሚጽፈው ይጠፋዋል፤ አለዚያም የመጻሕፍትና የኮምፒውተር ጥያቄ ዘርዝሮ ይልክና ሌላው ወገን ዝም ይላል። ይህ መመሪያ የሚያስኬደው በሌላ መንገድ ነው፦ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ሊለካ የሚችል የዘላቂ ልማት ሥራ በተቀራራቢ ሳምንታት ይሠራሉ፤ የሚለዋወጡትም የሥራውን ውጤት ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ ላለ ትምህርት ቤትም ሆነ በመንዝ፣ በአንኮበር ወይም በሞረትና ጅሩ ገጠር ላለ ትምህርት ቤት ያገለግላል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

ሁለት ፈቃደኛ መምህራን፣ ከ20 እስከ 30 ተማሪዎች ያሉት ክበብ፣ ካሜራ ያለው አንድ ስልክ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተንጠልጣይ ሚዛኖች፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ጠንካራ መዝገብ ይበቋችኋል። የኮምፒውተር ክፍል ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖር ግን ሥራው አይቆምም። ባነር ለማሠራት የታሰበ ገንዘብ ካለ ሚዛን ግዙበት።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ቤት አሰናዱ

ይህ ደረጃ አሰልቺ በመሆኑ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ኋላ የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ እዚህ ያልተሠራው ነው። ለውጭ ትምህርት ቤት አንዲት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተሉትን አራት ነገሮች በቅደም ተከተላቸው ፈጽሙ።

1. ሁለት ኃላፊ መምህራን መድቡ። አንደኛው የሳይንስ ወይም የጂኦግራፊ፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ቢሆን ይመረጣል። ኃላፊው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ በክረምት ዝውውር ሲደርሰው ወዳጅነቱንም ይዞት ይሄዳል።

2. ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። ለርዕሰ መምህሩ የምታቀርቡት ማመልከቻ የሥራውን ዓላማ፣ የሚሳተፉትን የክፍል ደረጃዎች፣ የሚፈጀውን ጊዜና ገንዘብ የማይጠየቅበት መሆኑን ይግለጽ። ርዕሰ መምህሩ ከተስማሙ በኋላ በእሳቸው ሸኚ ደብዳቤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ማኅተም ያረፈበትን መልስም በፋይል አኑሩ። ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን ወደ ዞን ትምህርት መምሪያ መላክ አለብኝ ካለ መልሱን ጠብቁ። የውጭ ግንኙነት ያለ ፈቃድ ተጀምሮ ኋላ ሲታወቅ ሥራው በጎም ቢሆን በጥርጣሬ ይታያል።

3. በትምህርት ቤቱ ስም የኢሜይል አድራሻ ክፈቱ። በመምህር የግል አድራሻ አትጻፉ። የማለፊያ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ በሚቆልፉት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ መልሶ ማግኛ የሚሆኑ ሁለት ስልክ ቁጥሮችም አስመዝግቡ። አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ባለቤቱ ስልኩን በቀየረ ማግስት ደጅ ትቀራላችሁ።

4. የወላጆችን ፈቃድ ተቀበሉ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ሰብስቡና ቅጹን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተለያይተው ይቅረቡ፦ ልጁ በክበቡ ይሳተፍ ወይ? ፎቶግራፉ ወደ ውጭ ይላክ ወይ? በቤት ውስጥ የሚያደርገው ልኬት ይፈቀድ ወይ? ለአንዱ እሺ ያለ ወላጅ ለሌላው እንቢ ሊል ይችላል። መጻፍ የማይችል ወላጅ በምስክር ፊት በጣት አሻራው ይፈርም። ፎቶግራፍ ያልተፈቀደለት ተማሪ ከሥራው አይከለከል።

*ጥንቃቄ።* የተማሪን ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ ቀበሌ፣ የስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ሁኔታ ወደ ውጭ አትላኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ወጥቷል፤ አጋራችሁ በአውሮፓ ኅብረት የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ጥብቅ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይገዛል። በስልኩ ካሜራ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ቦታ መመዝገቢያውን አጥፉ፤ ካልጠፋ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሥፍራ ይዞ ይሄዳል። ማንኛውም መልእክት በትምህርት ቤቱ አድራሻ በኩል ይለፍ፤ ተማሪና የውጭ አገር አዋቂ ሰው በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ ለብቻቸው እንዲጻጻፉ አትፍቀዱ።

ደረጃ 2፦ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ

የተባበሩት መንግሥታት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች 17 ናቸው፤ በሥራቸውም 169 ዝርዝር ግቦች አሉ። ሁሉንም በአንድ ዓመት ለመንካት የሚነሣ ክበብ ፖስተር ሥሎ ይቀራል። አንዱን ምረጡና የመረጣችሁትን ሥራ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ፈትኑት፦ ተማሪው በራሱ እጅ ሊለካው ይችላል? በአጋሩ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ? ልኬቱ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነባቸው ወራት ይወድቃል?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሰናክላል። ዝናብ መለካት ለሁሉም ቀድሞ የሚታሰብ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ዝናባችን በሐምሌና በነሐሴ ሲዘንብ ተማሪው በዕረፍት ላይ ነው። ዝናብን ከመረጣችሁ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን የበልግ ዝናብ ለኩ። በደጋው የውርጭ ሌሊቶችን መቁጠርም ጥሩ ሥራ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ማለዳ ማለዳ ዝቅተኛውን ሙቀት መመዝገብን ብቻ ይጠይቃል። በዞናችን በወፍ ዋሻ ደን ወይም በጓሳ አቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወፍ ወይም ጭላዳ መቁጠር ይችላሉ፤ ለዚህ ግን ከቦታው ጠባቂዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ይላል።

ለመጀመሪያ ዓመት የምመክረው ግን የቤት ማገዶን ነው። ግብ 7 የሚናገረው ስለ ንጹሕና ተመጣጣኝ ኃይል ነው፤ ማገዶና ኩበት ደግሞ በየቤታችን አለ። በዛፍ እጦት ምክንያት የሚነደው ኩበት ማሳ ላይ ሊውል ይችል የነበረ ፍግ በመሆኑ፣ ተማሪው ከምድጃው ተነሥቶ እስከ አፈሩ ለምነት ድረስ ሊያስብ ይችላል። በውጭ ያለው ተማሪም የመብራት ወይም የጋዝ ቆጣሪ በቤቱ አለው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ ምሳሌ ይሄዳሉ።

ደረጃ 3፦ አጋር ፈልጉ

ከትምህርት ቤታችሁ ተመርቀው በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸው ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ጋር ቢያገናኟችሁ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። ሌላው በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ሲሆን፣ ማመልከቻው በየአገሩ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ስለሚያልፍ ጊዜ ይወስዳል። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን በጋራ ሥራ የሚያገናኘው አይ-ኧርን የተባለው መረብም አለ።

ፈቃደኛ ትምህርት ቤት ሲገኝ ሦስት ነገሮችን አረጋግጡ፦ የተማሪዎቹ ዕድሜ ከእናንተ ጋር ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይራራቅ፣ በዚያም በኩል ሁለት ኃላፊ መምህራን እንዲኖሩ፣ ርዕሰ መምህሩም በጽሑፍ እንዲያውቁት። ሦስቱ ካልተሟሉ ሌላ ፈልጉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አጋር አትያዙ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፉ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በአማርኛ አርቅቃችሁ ስትጨርሱ የእንግሊዝኛ መምህሩ ይተርጉመው። የስልክ መተርጎሚያ ብትጠቀሙም መምህሩ ቃል በቃል ሳያነበው አይላክ። ረቂቁ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለተከበራችሁ የ… ትምህርት ቤት መምህራን። እኛ በኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የምንገኝ የ… ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህራን ነን። በክበባችን 24 ተማሪዎች ሲኖሩ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 ዓመት ነው። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ለሰባት ቀን የሚነደውን ማገዶ ይለካል፤ ከዚያም ፍጆታውን የሚቀንስ አንድ ለውጥ አድርጎ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይለካል። ተማሪዎቻችሁ በተመሳሳይ ጊዜ የቤታቸውን የመብራት ወይም የጋዝ ፍጆታ ቢለኩ ውጤቱን ልንለዋወጥና አንዳችን ከሌላችን ልንማር እንችላለን። ገንዘብም ሆነ ዕቃ አንጠይቅም። ፈቃደኛ ከሆናችሁ የትምህርት ዘመናችሁን የዕረፍት ቀናት ላኩልን።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አስፈላጊ ነው። «ከእናንተ ጋር ወዳጅ መሆን እንፈልጋለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ መልስ ሰጪውን ምን እንደሚጽፍ አያሳየውም፤ የዕረፍት ቀናቱን የተጠየቀ መምህር ግን ዝርዝሩን ከፊቱ ያገኘዋል፣ ይልከዋልም።

መልስ በሦስት ሳምንት ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ። ከዚያም በኋላ ዝምታ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች አስማሙ

1. ቀን ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል አስፍሩ፤ የእኛንም የእነሱንም አንድ ላይ። «ኅዳር 16፣ ኖቬምበር 25» ብትሉ ማንም አይሳሳትም፤ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ግን የትኛው ቀንና የትኛው ወር እንደሆነ ያሳስታል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ቀኑ በአንድ እንደሚገፋ አትርሱ፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ድረስ ይቆያል።

2. ሰዓትም እንዲሁ ነው። የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 14 ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ በክረምታቸው 11፣ በበጋቸው 12 ሰዓት ይሆናል፤ በጀርመን ደግሞ 12 ወይም 13። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሚቀይሩ፣ ለእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮ አትስጡ። ለጃፓንና ለደቡብ ኮሪያ የሚስማማው የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በእነሱ 15 ሰዓት ይሆናል። ከአሜሪካ ምሥራቅ ጋር በክረምታቸው የእነሱ 9 ሰዓት ሲሆን የእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ስለሚሆን፣ ሩቅ ለሚሄድ ተማሪ መሽቷል፤ ለዚያ አገር የተቀረጸ ድምፅና ምስል ላኩ።

3. የትምህርት ዘመናቸውን እወቁ። በእንግሊዝ ከሴፕቴምበር እስከ ጁላይ በመሆኑ ከእኛ ጋር ይቀራረባል። በጃፓን ኤፕሪል ላይ ይጀምራል፤ ከእነሱ ጋር ሁለተኛውን ዙር ከማርች በፊት ካልጨረሳችሁ ተማሪዎቹ ክፍል ይቀያይራሉ። በአውስትራሊያ ዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻ ተጀምሮ በዲሴምበር ያልቃል።

4. የራሳችሁን ወቅት አስቡ። በመስከረም ምዝገባ ሳይጠናቀቅ፣ በአጨዳ ወቅት ተማሪ በጎደለበት ሳምንት ወይም በፈተና ሰሞን ልኬት አትጀምሩ። ሁለቱ የልኬት ዙሮች ደግሞ በአመጋገብ ረገድ ይመሳሰሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የመጀመሪያውን ዙር በዚህ ጾም ውስጥ ካደረጋችሁ ሁለተኛውን በዐቢይ ጾም አድርጉት፤ ወይም ሁለቱንም ከጾም ውጪ። ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ ባሕረ ሐሳቡን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ሙስሊም ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ረመዳንንም እንዲሁ አስሉ። አንዱን ዙር በፍስክ ሌላውን በጾም የለካ ክበብ ያገኘው ልዩነት የምድጃው ይሁን የምግቡ ሊያውቅ አይችልም።

ደረጃ 6፦ በአንድ ገጽ ተስማሙ

ስምምነቱ የሥራውን ርዕስ፣ የሁለቱን ዙሮች ቀናት፣ የኃላፊዎቹን የሥራ ድርሻ፣ የመልስ መስጫ ጊዜን (ሁለት ሳምንት ይበቃል)፣ የፎቶግራፍ ደንብንና ወዳጅነቱ የሚቆምበትን መንገድ ይያዝ። የመጀመሪያው ዓመት ያለ ገንዘብና ያለ ዕቃ እንደሚያልፍም ይጻፍበት። ሁለቱ ርዕሳነ መምህራን ይፈርሙ። ረዘም ያለ ሰነድ አታዘጋጁ፤ ረጅሙን የሚያነብ የለም።

ደረጃ 7፦ ለኩ

ልኬቱ የሥራው እምብርት ስለሆነ አትቸኩሉ። ቤት ለቤት ከመሄዳችሁ በፊት በግቢው ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ተለማመዱ፤ ሦስት ተማሪዎች ተራ በተራ አንዱን እስር እንጨት መዝነው ተመሳሳይ ቁጥር እስኪያገኙ ድረስ።

1. ቢያንስ 10 ቤቶች ይሳተፉ። እያንዳንዱ ቤት በቁጥር ብቻ ይመዝገብ፤ ስምና ቁጥሩ የሚገናኝበት ዝርዝር በመምህሩ እጅ ይቆይ እንጂ ወደ ውጭ አይሂድ።

2. በመጀመሪያው ቀን ማለዳ በቤት ለአንድ ቀን ከሚበቃው የበለጠ የደረቀ ማገዶ በአንድ ቦታ ይከመር። ተማሪው ክምሩን በጆንያ እያደረገ ይመዝን፤ የጆንያውን ክብደት ይቀንስ።

3. እንጨት፣ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል በየራሳቸው ዓምድ ይጻፉ። ደምሮ መጻፍ የኋላውን ስሌት ያበላሻል።

4. ቤተሰቡ በዚያ ቀን ከክምሩ ብቻ ይጠቀም። በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓት የቀረው ይመዘን፤ ልዩነቱ የዕለቱ ፍጆታ ነው። ከዚያ ክምሩ ይሞላና እንደገና ይመዘን።

5. ሰባቱም ቀን ይለካ። ረቡዕና ዓርብ ከእሑድ ጋር አይመሳሰሉም፤ እንጀራ የተጋገረበት ቀንም ከሌላው ቀን ይለያል። እንጀራ የተጋገረበትን ቀን በመዝገቡ ላይ ምልክት አድርጉበት።

6. በየቀኑ በቤቱ ስንት ሰው እንደበላ ይጻፍ። ይህን ዓምድ የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ መዘዙም ከባድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ስድስት ሰዎች በሰባት ቀን 42 ኪሎ ማገዶ ቢያነዱ፣ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ይደርሳል። በሁለተኛው ዙር ቤቱ 35 ኪሎ ቢያነድ ከመቶ 17 ያህል የቀነሰ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አንዱ ወንድም ወደ ከተማ ሄዶ አምስት ሰዎች ብቻ ከነበሩ፣ ስሌቱ አሁንም ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ነው፤ ምንም አልቀነሰም።

7. በየማለዳው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በጥላ ሥር የሙቀት መጠን ይመዝገብ። በደጋችን እሳት ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ማሞቂያም ነው፤ በአጋሩ አገር ያለው ቆጣሪም ማሞቂያውን አብሮ ይቆጥራል። ሙቀቱ ካልተመዘገበ በብርድ ምክንያት የመጣው ጭማሪ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በከተማ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ቤቶች ሚዛን አያስፈልጋቸውም። ከመጋገሩ በፊትና በኋላ የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ፤ ምጣዱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

በሁለቱ ዙሮች መካከል እያንዳንዱ ቤት አንድ ለውጥ ብቻ ያድርግ፦ ከሦስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ መሸጋገር፣ ድስትን ሁልጊዜ መክደን፣ ወይም እንጨትን ፈልጦ በደንብ ማድረቅ። ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ የተደረገ እንደሆነ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ምድጃ መግዛት ለማይችል ቤት ክዳኑና ማድረቁ ወጪ የላቸውም።

*ጥንቃቄ።* ተማሪ ለሚዛን ብሎ ተጨማሪ እንጨት እንዳይቆርጥ አስጠንቅቁ። በቤቱ ማገዶ ያነሰበትን ተማሪ በክፍል ፊት አታወዳድሩ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ተለዋወጡ

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ቤት በሁለቱ ዙሮች መካከል የታየውን ለውጥ በመቶኛ አስሉ፤ የምትልኩትም ይህንን ነው። አጋሮቻችሁ ፍጆታውን በኪሎዋት ሰዓት ማየት ከፈለጉ 1 ኪሎ ግራም በአየር የደረቀ እንጨት በግምት 4 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይዟል፤ ኩበት ከዚህ ያንሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ 42 ኪሎ እንጨት ወደ 168 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሆን፣ የውጭ ተማሪዎቹ «እነሱ ከእኛ የበለጠ ኃይል ይጠቀማሉ» ሊሉ ይችላሉ። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ኃይል አብዛኛው ወደ ድስቱ ሳይደርስ በአየር እንደሚባክን ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉላቸው፤ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ውይይት ይወጣዋል።

አንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያና ከአራት የማይበልጡ ፎቶግራፎች ላኩ። ጽሑፉ አስቀድሞ ለብቻው ይሂድ፤ ፎቶግራፎቹ ተቀንሰው በሌላ መልእክት ይከተሉ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ዋናው ነገር ደርሷል ማለት ነው። ከተላከው ሁሉ አንዳንድ ቅጂ በወረቀት ታትሞ በፋይል ይቀመጥ።

ከቁጥሩ ጋር ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ይላኩ፤ ከእነሱም አንድ ጥያቄ ይቀበሉ። ለምሳሌ የመንዝ ተማሪዎች በጓሳ ሣሩ ለዓመታት እየተዘጋና በተወሰነ ጊዜ እየተከፈተ የሚጠበቅበትን ባህላዊ ደንብ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፣ በውጭ ያለው ክፍል በራሱ አካባቢ የጋራ መሬት እንዴት እንደሚጠበቅ ፈልጎ ለመመለስ ይገደዳል። ተማሪዎቻችሁ ተማሪ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪም የሚሆኑት በእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ደረጃ 9፦ የቀጥታ ውይይት፣ ካስፈለገ

በቪዲዮ መነጋገር የግድ አይደለም። ካደረጋችሁት ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፤ የሚናገሩት አራት ተማሪዎች ቀድመው ይለማመዱ፤ ጥያቄዎቹም ከሦስት ቀን በፊት ይላኩ። መብራት ቢጠፋ የሚነበብ አጭር የጽሑፍ መልስ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ስለ ስጦታና ስለ ዕቃ

ስምምነቱ ቢከለክልም ስጦታ ልላክ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እሺ የምትሉ ከሆነ ዕቃው በትምህርት ቤቱ ስም ይምጣ፤ ከመላኩ በፊት የጉምሩክ ሁኔታውን በወረዳው በኩል አጣሩ፤ ሲደርስም በኮሚቴ ተቆጥሮ በንብረት መቀበያ ቅጽ (በሞዴል) ገቢ ይሁን። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል፤ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን በፎቶግራፍ አስልካችሁ አረጋግጡ። ዘር፣ አፈርና ችግኝ በፖስታ አትላኩ፣ አትቀበሉም። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሌለውን ዘር አያስገባም፤ በዘር የሚመጣ በሽታም ለአርሶ አደሩ ማሳ ጠንቅ ነው።

ችግር ሲያጋጥም

*አጋሩ ዝም ካለ።* ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የእነሱ ዕረፍት ወይም የመምህር መቀየር ነው። ለሁለተኛው ኃላፊ ጻፉ፤ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ። በስድስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልተገኘ ልኬታችሁን ጨርሳችሁ ውጤቱን ለወላጆችና ለጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለሚገናኙበት ማዕከል) አቅርቡ፤ የተማሪው ድካም በሌላ ሰው ዝምታ አይቅር።

*ኢንተርኔት ወይም ትምህርት ከተቋረጠ።* ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ይታወቃል። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ «ከእኛ መልስ ቢጠፋ ለሁለት ወር ጠብቁን» የሚል መስመር አስገቡ። በመቋረጡ ጊዜ ልኬቱን በወረቀት ቀጥሉ፤ መንገድ አስጊ ከሆነ ግን ተማሪ ለመዝገብ ሲባል ከቤቱ አይውጣ። ስለ ጸጥታው ሁኔታ በተማሪ ደብዳቤ አትጻፉ።

*ከልኬቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከጎደለ።* ባዶውን በግምት አትሙሉት። አምስት ቀን የተለካ ቤት በአምስት ቀን ይካፈል፤ ከአራት ቀን ያነሰ ቤት ከስሌቱ ይውጣ። መሙላት የለመደ ተማሪ በሁለተኛው ዙር ሚዛኑን አያነሣም።

*ቁጥሩ ካልቀነሰ ወይም ከጨመረ።* እንዳለ ላኩት። የሙቀት መዝገቡንና የበላተኛውን ቁጥር ተመልክታችሁ ምክንያቱን ከተማሪዎቹ ጋር ፈልጉ። አጋሩ ትምህርት ቤትም ያልተሳካለትን ለመናገር የሚደፍረው ከእናንተ ካየ ነው።

*የሐዘኔታ ደብዳቤ ከመጣ።* የውጭ ተማሪዎች «ምስኪኖች» በሚል መንፈስ ቢጽፉ አትቆጡ፣ ዝምም አትበሉ። ለመምህራቸው ጻፉና ተማሪዎቹ የራሳቸውን ቤት ፍጆታ እንዲተርኩ ጠይቁ። በእናንተም በኩል ተማሪ በደብዳቤው ላይ ገንዘብ ወይም ስልክ ከጠየቀ ደብዳቤውን አቆዩት፤ ልጁን ለብቻው አስረዱት፤ በሰልፍ ላይ አታንሡት።

ደረጃ 10፦ በሰኔ ርክክብ አድርጉ

ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት መዝገቡ፣ የፈቃድ ደብዳቤው፣ የወላጆች ቅጽ፣ ስምምነቱና የታተሙት መልእክቶች በአንድ ፋይል ሆነው ለርዕሰ መምህሩ በፊርማ ይመለሱ። የኢሜይሉን የማለፊያ ቃል ቀይራችሁ አዲሱን አሽጉ። ሚዛኖቹና ቴርሞሜትሩ በንብረት ክፍል ይመዝገቡ። ለአጋሩ የሚላከው የዓመቱ የመጨረሻ ደብዳቤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የሚጻፍበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጥቀስ፤ መስከረም ምዝገባ ስለሚበዛበት ጥቅምት 5፣ ኦክቶበር 15 አካባቢ ይሻላል። ከኃላፊ መምህራኑ አንዱ ዝውውር ከጠየቀ ተተኪው በዚያው ሰኔ ይሰየምና ስሙ በዚህ ደብዳቤ ላይ ይግባ።